ንዳድ የሌለበት ቤት

ከደጋ የመጣ መንገደኛ መተማ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሙቀቱ ነበር። ጭነቱን ሳያራግፍ ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ ፊቱን እየጠረገ፣ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ይኼን ነገር እንዴት ትችሉታላችሁ?» ይላል። እናቴም መልሷ አፏ ላይ ነው። «እናንተስ ብርዱን እንዴት ትችሉታላችሁ?» ትለዋለች። ይስቃል። ሁሉም ይስቁ ነበር። በእውነት እንዴት እንደምንችለው ለማወቅ ብሎ ቆሞ የጠበቀ አንድም ሰው ግን አላየሁም።

ቤታችን ከጎንደር የሚወርደው መንገድ ድንበሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ካሉት የመጨረሻ ቤቶች አንዱ ነበር። አባቴ እኔ ገና ዳዴ ስል ሞቷል። እናቴ ከጭልጋ በሙሽርነት ወርዳ እዚያው የቀረች ሴት ናት። አባቴ ከሞተ በኋላ ሲራራ ነጋዴ በማሳደር እኔንና ታላቅ እህቴን አሳደገችን። ለከብቶቹ ሰፊ በረት ነበረን። ለሰዎቹ ደግሞ አንገረብ፣ ማለት ሱዳኖች የሚሠሩት በገመድ የተጠለፈ አልጋ፣ በቁርቁራው ዛፍ ሥር ተደርድሮ ይጠብቃቸዋል። ሲሄዱ ማር ወይም ጨው ወይም ቡና ትተውልን ይሄዳሉ። በዚያ ነበር የምንኖረው።

ጥያቄያቸው ከዓመት ዓመት አይለወጥም። እባብ ቤት ይገባል ወይ? ሌሊት እንቅልፍ ይወስዳችኋል ወይ? ማሽላ ብቻ በልቶ ሰው ይጠግባል ወይ? ከድንበሩ ማዶ የሚመጡት ጀላቦች፣ የሱዳን ነጋዴዎቹ፣ ደግሞ በተራቸው ስለ ደጋ ይጠይቁናል። ተራራው ላይ ውኃ ድንጋይ ይሆናል የሚባለው እውነት ነው? ሰው ጥሬ ሥጋ ይበላል? እናቴ ዐረብኛ የምትችለውን ያህል እያጣመመች ትመልሳለች፤ እነሱ እየሳቁ ሱካራቸውን ሻይ ውስጥ ያማስላሉ። ተክሩሮች የምንላቸው፣ ከሩቅ ምዕራብ በእግራቸው ወደ መካ የሚሄዱ ድሆች፣ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ ባሕሩ ስንት ቀን ይቀራል? እኔ ከሁሉ የምወደው የእነሱን ጥያቄ ነበር። ጠይቀው ዝም ብለው መልሱን ይጠብቃሉና። የሚያሳዝነው ያንን ደግሞ እናቴ አታውቀውም። «ብዙ ነው» ትላቸዋለች፤ አመስግነው ይሄዳሉ።

አንድ የማርና የሰም ነጋዴ ነበር። ሽማግሌ ነው፤ በየዓመቱ ከእኛ ዘንድ ያድራል፤ በየዓመቱም እኔን ጠርቶ፣ «ስንት ዓመትሽ ነው አንቺ? ደጋን አይተሽ ታውቂያለሽ?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። በዓመቱ መጥቶ ያንኑ ይጠይቀኛል። አንድ ጊዜ፣ «ዘንድሮም አላየሁም» ብዬ መለስሁለት። እሱ ከልቡ ሳቀ፤ እናቴ ግን ጭኔን ቆነጠጠችኝ። እንግዳ የፈለገውን ያህል ይጠይቃል፤ የእኛ ሥራ መመለስ ነው። እንዲህ ነበር የተማርነው።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ አንዱ ብቻ ለጨዋታ አይመችም። ደገኛው ውኃውን ጠጥቶ ግራ ቀኙን ያያል፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ለመሆኑ በዚህ ቤት ንዳድ አለ?» ይላል። ዛሬ ወባ የምንለውን ማለቱ ነው። ነገሩ ከትንኝ እንደሚመጣ ያኔ እኛም አናውቅም፣ እነሱም አያውቁም። ከዝናብ በኋላ ከጥቁሩ አፈር ከሚነሣው ሽታ ነው የሚሉ ነበሩ። የታመመ ሰው ከተኛበት ቤት ይጋባል የሚሉት ግን ይበዛሉ። ስለዚህ ደገኛ ነጋዴ ንዳድ ያለበት ቤት አያድርም። ከእኛ ሁለት ቤት አልፋ የምትኖር አንዲት ባልቴት እውነተኛ ሴት ነበረችና፣ «አዎ፣ ልጄ ታሞብኛል» ብላ መለሰች። በዚያ በጋ ግቢዋ ውስጥ አንድ በቅሎ አልታሰረም። ይህን እናቴ በዓይኗ አይታለች።

እናቴ ስትጠየቅ፣ «በዚህ ቤት ንዳድ ገብቶ አያውቅም» ትላለች። ፊቷ ላይ አንዳች ነገር አይለወጥም። ውሸት ነበር። ንዳድ በየዓመቱ ይገባል። መስከረም ሲጠባ እኔን ይይዘኛል፤ ጥቅምት ላይ እህቴን። እናቴ ራሷ ማሽላ እየፈጨች ስትንቀጠቀጥ መጁ ከእጇ ሲወድቅ አይቻለሁ። ከትልቁ ጎጆ ጀርባ በሰሌን የተከለለች ጠባብ ክፍል ነበረችን፤ የታመመ ሰው እዚያ ይተኛል። ግቢው ውስጥ እንግዳ ካለ በሽተኛው ጨርቅ ነክሶ ነው የሚንቀጠቀጠው። «ታላቂቱ የት ሄደች?» ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ «አክስቷ ዘንድ»። አክስት አልነበረንም። እኔ ይህን ስል ነውር ሠራሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ውኃ መቅዳት፣ በረት መጥረግ፣ አክስቷ ዘንድ ናት ማለት፤ ሁሉም የቤት ሥራ ነበር።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ እህቴ ታመመች። እሷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እኔ አሥራ አንድ። ሰሊጥ አጨዳ ውላ መጥታ ማጭዷን በር ላይ ጥላ ገባች። ማጭድ በር ላይ የምትጥል ልጅ አልነበረችም። ሌላ ጊዜ ንዳድ ቀን እየዘለለ ነው የሚመጣው፤ በሚዘለው ቀን ሰው ተነሥቶ ሥራውን ይሠራል። ይኼኛው አልዘለለም። እናቴ ፌጦ በሎሚ በጠበጠችላት፤ ነጭ ሽንኩርት አስዋጠቻት፤ ውጋቷ ላይ የሞቀ ጨው በጨርቅ ቋጥራ አኖረችላት። በአምስተኛው ቀን እህቴ እኔን «እናቴ» እያለች መጥራት ጀመረች።

በዚያው ሰሞን ጭቃው ደረቀና ነጋዴ መውረድ ጀመረ። የዓመት ኑሯችን የሚገኘው ከዚያ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። በመጀመሪያ የደረሰውም ያ የማር ነጋዴ ነበር፤ ከስድስት ሰዎቹ ጋር።

«ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ይኼን እንዴት ትችሉታላችሁ?» አለ።

«እናንተስ ብርዱን?» አለች እናቴ። እንቅልፍ ካጣች ሦስት ሌሊት ሆኗታል።

«ንዳድ የለም አይደል?»

«ገብቶ አያውቅም።»

«አውቃለሁ፤ ለወጉ ነው» አለና አንገረቡ ላይ ተጋደመ። ከዚያ እኔን ጠርቶ ዕድሜዬን ጠየቀኝ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ አንድ ቀጭን ፈረንጅ ከአስተርጓሚው ጋር ወደ ግቢያችን ገባ። ሐኪም ይሁን የሐኪም ረዳት እስከ ዛሬ አላውቅም። የያዘው ትልቅ ደብተር ነው፤ ሌላ ነገር አልያዘም። መድኃኒት እንደሚያድል ማንም አልነገረንም። ደብተሩን ከፍቶ መጠየቅ ሲጀምር ከቀሩት መንገደኞች የሚለይበት ነገር አልታየንም። ሌሊት የት ትተኛላችሁ? ውኃ ከየት ትቀዳላችሁ? ምን ትበላላችሁ? እናቴ ለሁሉም እንደምትመልሰው መለሰችለት።

«በቤቱ ስንት ሰው አለ?» አለ አስተርጓሚው።

ልጆቹን ለመንገደኛ ቆጥሮ የሚሰጥ ሰው በእኛ አገር የለም። «እግዜር ያውቃል» አለች።

«እሱስ ያውቃል፤ ይኼ ሰውዬ ነው የማያውቀው» አለ አስተርጓሚው። የነጋዴው ሰዎች ሳቁ።

«እንግዲህ ሦስት ነን።»

«ሦስተኛዋ የት ናት?»

«አክስቷ ዘንድ።»

«በንዳድ የታመመ አለ?»

እናቴ ፈረንጁን አላየችም፤ ያየችው ነጋዴውን ነው። ነጋዴው በክንዱ ተደግፎ ቀና ብሎ ነበር። «በዚህ ቤት ንዳድ ገብቶ አያውቅም» አለች።

«እውነቷን ነው!» አለ ነጋዴው፣ ማንም ሳይጠይቀው። «በዚህ ቤት ስንት ዓመት ሙሉ አድሬአለሁ፤ አንድ ቀን ራሴን እንኳ አሞኝ አያውቅም። ጻፍለት።»

ፈረንጁ ጻፈ። እኔ የቆምሁት ከሰሌኑ አራት ርምጃ ርቄ ነው። እህቴ ከሰሌኑ ጀርባ ጨርቅ ነክሳ ተኝታለች። አፌን ከፈትሁ። እናቴ አየችኝ። ዘጋሁት። ሰውየው ደብተሩን አጥፎ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ።

ጎረቤታችን የሱቅ ነጋዴ ሚስት ናት፤ ሙስሊም ናት፤ ባሏ ሱካርና አቡጀዲ ይሸጣል እንጂ መንገደኛ አያሳድርም። ስለዚህ ስትጠየቅ ሁለቱ ልጆቿ መታመማቸውን ሳትደብቅ ተናግራለች። በማግሥቱ ጠዋት በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ እናቴን ጠራች።

«እህቴ፣ ኪኒን የሚሉትን አየሽ? ነጭ ፍሬ ነው፤ ሬት በለው! ልጆቼ ሲውጡ እኔ ነኝ ያለቀስሁት። ለእናንተስ መጣ?»

«እኛን አላስፈለገንም» አለች እናቴ። የነጋዴው ሰዎች በቅርባችን ሆነው በቅሎ ያጠጣሉ።

ሴትዮዋ ወደ ሰሌኑ አየት አደረገች፤ ከዚያ እናቴን አየቻት። ታውቃለች። «አስተርጓሚው ራሱ ከፊታቸው ቆሞ ነው የሚያስውጣቸው» አለች ቀስ ብላ። «አፋቸውን ከፍቶ ነው የሚያየው። አንዲት እንኳ ማስቀረት ብችል ኖሮ…»

እናቴን ተከትያት ገባሁ። «እንንገራቸው» አልኋት።

«ነጋዴው ነገ ይነሣል። ሲነሣ እኔ ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«ነገ ባይነሣስ?»

«አትጠይቂኝ» አለች። ያ ሁሉ ሰው ሲጠይቃት ታግሣ፣ የእኔን አንዲት ጥያቄ አልቻለችም።

በማግሥቱ ነጋዴው አልተነሣም። ድንበሩ ላይ የማለፊያ ፈቃድ ጠብቅ ብለውት ተቀምጧል። በሚቀጥለውም ቀን አልተነሣም። እየበላ፣ እየጠጣ፣ ስለ ሙቀቱ እያማረረ ቁርቁራው ሥር ይውላል። ሽማግሌው በደል አልነበረበትም። ያኔ ግን እንዴት እጠላው እንደነበር! ሲያስነጥስ ሳይቀር እጠላው ነበር። እህቴ የምትለውን ነገር መለየት አቃተን፤ ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ፤ ውኃ በጥጥ እየነከርሁ አፏ ላይ አንጠባጥብላት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ፈረንጁ ተመልሶ መጣ። መድኃኒት ይዞ የመጣ መስሎኝ ወደ በሩ ሮጥሁ። የያዘው ያንኑ ደብተር ነበር።

«እትዬ» አለ አስተርጓሚው እየሳቀ፣ «ይኼ ሰውዬ በእናንተ የተነሣ እንቅልፍ አጥቷል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ከጠየቅናቸው ቤቶች ንዳድ የሌለበት የእርስዎ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ምስጢሩን ካልነገሩት አይሄድም።»

ፈረንጁ አንገረብ ላይ ተቀመጠ፤ ነጋዴውም ለመስማት ተጠጋ። እንዲህ በጉጉት የጠየቀንና መልስ የጠበቀን ሰው ከተክሩሮቹ በስተቀር አይቼ አላውቅም። ግድግዳው ከምን ተሠራ? ሲመሽ ምን ታጨሳላችሁ? የመኝታችሁ ራስጌ በየት በኩል ነው? ሴቶቹ ስንት ሰዓት ውኃ ይወርዳሉ? እናቴ መለሰች። መመለስ ታውቅበታለች። ነጭ ሽንኩርት እንበላለን አለች። ሲመሽ ደጅ አንቀመጥም አለች። ጥያቄው አላልቅ ሲል ወደ ላይ ቀና ብላ፣ «የዚህን ዛፍ ቅጠል እናጨሳለን» አለች። አጭሰነው አናውቅም።

ፈረንጁ ተነሥቶ ከቁርቁራው ቅጠል ቀጠፈ፤ በደብተሩ ገጾች መካከል አስተካክሎ አኖረው። ነጋዴው ይህን ሲያይ ሰዎቹን ተጣራ። «ምን ታያላችሁ? ቁረጡ እንጂ! ስንት ዓመት እዚህ ሥር ተኝቼ ይኼን አልነገርሽኝም አንቺ?» ሰዎቹ ዛፉ ላይ ወጥተው ቅርንጫፍ ይዘነጥሉ ጀመር። እሾሁ እየወጋቸው ይሳደባሉ፤ ቅጠሉ በራሳችን ላይ ይረግፋል፤ ፈረንጁ ይጽፋል፤ እናቴ ትመልሳለች። ንዴቴ ከየት ጀምሮ የት እንደሚደርስ አላወቅሁም።

ከሰሌኑ ጀርባ እህቴ ጮኸች። «እናቴ፣ ውኃ!» አለች።

ዛፉ ላይ ያሉት እንኳ መቁረጣቸውን ተዉ።

«ማነው?» አለ ነጋዴው።

«የጎረቤት ልጅ ናት» አለች እናቴ።

«ከዚህ ውስጥ ነው እኮ የጮኸው።»

«ጎረቤታችን ቅርብ ናት።»

ሄድሁና ሰሌኑን ከነማሰሪያው ጎትቼ ጣልሁት።

ብዙ ነገር የሚሆን መስሎኝ ነበር፤ ብዙ ነገር አልሆነም። ፈረንጁ ገብቶ ተንበረከከ፤ የእህቴን ግንባር ዳሰሰ፤ የዓይኗን ቆብ ገለጠ። «ስንት ቀኗ ነው?» አለ አስተርጓሚው። እናቴ አልመለሰችም። ያን ጊዜ ብቻ ነው መልስ ጠፍቷት ያየሁት። «ዘጠኝ» አልሁ እኔ።

«ኧረ እትዬ!» አለ አስተርጓሚው። «በሽታ ይደበቃል? እኔንም እኮ ውሸታም አደረጉኝ።»

ፈረንጁ ደብተሩን አንሥቶ ሁለት ገጽ ሙሉ ከላይ እስከ ታች በመስመር ሰረዘ። ቅጠሉንም አውጥቶ ጣለው። ፊቱ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፤ የደከመ ሰው ፊት ነበር። ከዚያ አስተርጓሚውን ላከው፤ መድኃኒቱም መጣ። በጥጥ ውኃ ሳጠጣ ስለ ሰነበትሁ አገጯን ይዤ ያስዋጥኋት እኔ ነኝ።

ነጋዴው የተኛበትን አንገረብ ቆሞ እያየ ነበር። «እዚህ ላይ ነው የተኛሁት» አለ። ለማን እንደተናገረው አይታወቅም። ከሰዓት በኋላ ጫኑ። ፈቃዱ ገና አልመጣም ነበር፤ ሆኖም ሄደው ፈረንጁ ያልጠየቀው ሌላ ግቢ አራገፉ። የተቆረጠውን ቅርንጫፍ ሁሉ በር ላይ ጥለውት ሄዱ። የተለመደውን ማር አስቀምጧል፤ እናቴ ያቀረበችለትን ምሳ ግን አልነካውም። ዕድሜዬንም አልጠየቀኝም።

አስተርጓሚው ሰባት ቀን ጠዋት ጠዋት እየመጣ ከእህቴ ፊት ቆሞ ኪኒኑን አስዋጣት። ትኩሳቱ በአራተኛው ቀን ለቀቃት። ጆሮዋ ለብዙ ጊዜ ይጮኽባት ነበር፤ ከዚያ ያም ተዋት።

እናቴ አልመታችኝም፤ አልተቆጣችኝም። «አበጀሽ»ም አላለችኝም። እስከ ፋሲካ ድረስ ከእኔ ጋር የተነጋገረችው ስለ ውኃ፣ ስለ እንጨት፣ ስለ ከብት ብቻ ነው። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ኋላ ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ስማር መምህራችን ስለ ትንኟ አስረዳን፤ የተኙበት አንገረብ በማንም ላይ ንዳድ እንደማያጋባ ያን ዕለት ገባኝ። ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ስለ ሳይንስ ማሰብ ሲገባኝ የማስበው የዚያን በጋ ባዶ ግቢ ነበር። ለእናቴ ስመለስ ነገርኋት። «እሱንስ ያኔ ማን ነገረን» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች። በዚህ ነገር ከእሷ ጋር የተነጋገርነው ያን ብቻ ነው።

ወሬው ከነጋዴው ጋር ከግቢ ግቢ ሄደ። ሲራራው በደጃችን እያለፈ ሌላ ዘንድ ያራግፋል። ቀድሞ ከበሩ እስከ ዛፉ መራመጃ የማይገኝበት ግቢ ሣር አበቀለ። ኅዳር ከገባ በኋላ እናቴና እኔ ለጣሊያን መንገድ ሠራተኞች ውኃ በእንስራ እያመላለስን እንሸጥ ጀመር። በቀን ስድስት ጊዜ ወደ ወንዙ እንወርዳለን። እናቴ ከእኔ ፊት ፊት ትሄዳለች፤ አታወራም።

እህቴ በእግሯ መቆም የቻለች ቀን ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። ፀጉሯ ረግፎ ሻሽ አስረንላታል። ፀሐዩ አስቸግሯት ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ቆየች፤ ከዚያ ግቢውን አየች። አንገረቦቹ ተደራርበው ግድግዳ ተደግፈዋል። በረቱ ባዶ ነው።

«እንግዶቹስ?» አለች። «መንገዱ አልደረቀም እንዴ?»

እናቴ ማሽላ እየለቀመች ነበር። ቀና አላለችም። «ዘንድሮ ዘግይቷል» አለች።

የዚያኑ ሰዓት ከአጥሩ ወዲያ የሲራራ አቧራ ይታይ ነበር፤ የበቅሎዎቹ ኮቴ ይሰማል፤ አንድ ሰው ስለ ሙቀቱ እየጮኸ ያማርራል። እህቴ ወደዚያ ዞራ አየች። ከዚያ እናቴን አየች፤ ቀጥሎ እኔን። እኔም ሳላስበው ራሴን ነቅንቄ፣ «አዎ፣ ዘግይቷል» አልሁ። ሌላ አልጠየቀችም። ከእናቴ አጠገብ ተቀምጣ ከሰፌዱ ላይ ጠጠር መልቀም ጀመረች፤ እኔም እንስራዬን ይዤ ወጣሁ።